በለምለሟ ጅማ ጦም የሚያድረውን ጎረቤት ማግኘት

ጅማ ሲነሳ የሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ቡናዋ፣ ወደ ዝናቧና ወደ ለምለም ምድሯ ነው፤ ረሃብ ሲባል ደግሞ ሁሉም የሚያስበው ቦረናን፣ የሶማሌ ክልልን ወይም የሰሜኑን ደጋ ነው። ይህ ግምት ከተማችንን ጎድቷታል። እኔ በሰፈራችን እድር በጸሐፊነት አገለግላለሁ፤ ከ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወራት ጀምሮም እድሩ ባቋቋመው የምግብ ድጋፍ ኮሚቴ ውስጥ እሠራለሁ። በእነዚህ ዓመታት እንዳየሁት በእኛ ከተማ ረሃብ የሚኖረው በተዘጋ በር ውስጥ ነው፤ ለአላፊ አግዳሚ የሚታይ የደረቀ ማሳም ሆነ የወደቀ ከብት የለውም። በመሆኑም እርዳታ የሚያስተባብር ሰው ስለ እህሉ መጠንና ዓይነት ከመነጋገሩ በፊት፣ ማን ስሙን እንዳላስመዘገበና ያላስመዘገበበት ምክንያት ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህን የምጽፈው በየሰፈሩ ተመሳሳይ ሥራ ለጀመሩ ኮሚቴዎች፣ ከእነሱም ይልቅ እጅ አጥሯቸው ለማን እንደሚናገሩ ለጨነቃቸው ሰዎች ነው።

ችግሩ ወቅት እንዳለው አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል። በጅማና በዙሪያዋ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የቡና ወቅት ነው። ገበሬው ቡናውን ይሸጣል፤ ተሸካሚው፣ ባለ ጋሪውና ባለ ባጃጁ ሥራ ያገኛሉ፤ በየመጋዘኑ ተቀምጠው ቡና የሚለቅሙ ሴቶችም የዕለት ገቢያቸውን የሚያገኙት ያን ጊዜ ነው። ቡናው ተለቅሞ ከተጫነ በኋላ የመጋዘኑ ሥራ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ግንቦትና ሰኔ ሲገቡ፣ ዝናቡም ሲጠነክር፣ የግንባታ ሥራ ይቆማል፤ የቀን ሠራተኛ የሚፈልግ ይጠፋል፤ ባለፈው መኸር የተሰበሰበው በቆሎ ከጎተራ እያለቀ ዋጋው ይወጣል። የበቆሎ እሸት ገበያ ላይ እስኪበረክት ድረስ ያለው ጊዜ ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ቤተሰብ እጅግ ረጅም ነው። ከተማዋ ይበልጥ አረንጓዴ የምትሆንበትና በየጓዳው ምግብ የሚጠፋበት ጊዜ አንድ መሆኑን ከሌላ አገር የመጣ ሰው ለማመን ይቸገራል። ከዚያም መስከረም ደብተርና የደንብ ልብስ እየጠየቀ ይደርሳል።

መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ፣ “ማዕድ ማጋራት” በሚል ስም በአገሪቱ በተካሄደው ዘመቻ ብዙ ደጋግ ሰዎች ዱቄት፣ ዘይት፣ ፓስታና ሳሙና ሰጥተዋል። ያኔ በየአደባባዩ በሚደረገው እደላ ላይ ያስተዋልኩት ግን፣ ሰልፉን የሚሞላው መቆምና መጋፋት የሚችለው፣ ወሬውን ቀድሞ የሚሰማውና አስተባባሪዎቹን የሚያውቀው ሰው መሆኑን ነው። አልጋ ላይ የዋሉ አዛውንት፣ ገና ያልጠነከረች አራስ፣ ጥላው መሄድ የማትችለው ሕመምተኛ ልጅ ያላት እናት፣ ትናንት የራሱ ሱቅ የነበረውና ዛሬ የከሰረ አባወራ በዚያ ሰልፍ ላይ አልነበሩም። የሰው ፊት እሳት ነው። አንዳንዱ ሰው ልጁን ጦም አሳድሮም ቢሆን በዚያ እሳት ፊት አይቆምም፤ ይህንንም እንደ ትዕቢት ልንቆጥርበት አይገባም።

እነዚህን ሰዎች ለማግኘት ከምንም በላይ የጠቀመን የቡና ተራ ነው። በሰፈራችን ጎረቤት ተጠራርቶ ቡና የሚጠጣው በየተራ ነው። ቡና አፍልቶ ሰው መጥራት ደግሞ ከቡናው ሌላ ስኳር፣ ከሰልና ቡና ቁርስ ይፈልጋል፤ ቆሎም ይሁን ዳቦ ወይም የተቀቀለ ጎደሬ አንድ ነገር መቅረብ አለበት። ስለዚህ ቤቷ የጎደለባት ሴት መጀመሪያ የምታደርገው የእሷ ተራ ሊደርስ ሲል ከቡናው መቅረት ነው። ታመመች ይባላል፣ ተቀየመች ይባላል፣ አንዳንዴም ኮራች ይባላል። ኮሚቴያችን ይህን ወሬ እንደ መረጃ መያዝ ከጀመረ በኋላ፣ ማንም ማመልከቻ ሳይጽፍ የብዙ ቤቶችን ሁኔታ ለማወቅ ችለናል።

አንድ ክረምት ላይ ቡና በመልቀምና ልብስ በማጠብ ልጆቿን የምታሳድግ፣ ከአንድ ግቢ ጀርባ አንዲት ክፍል የተከራየች እናት እንዲሁ ቀረች። ከኮሚቴያችን አባላት በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ፣ ምግብ አለሽ ወይ ብሎ በደጅ መጠየቅ ውርደት መሆኑን ስለሚያውቁ፣ ወንፊት ለመዋስ በሚል ሰበብ ይዘውኝ ሄዱ። ሴትየዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ሰላምታ ሰጠችን፤ ወንፊቱንም ከግድግዳው ላይ አውርዳ አቀበለች። እትዬ ተቀብለው እየመረቁ መዳፋቸው ላይ መታ መታ አደረጉት። የዱቄት ብናኝ አልወጣውም፤ ጠርዙ ላይ የሸረሪት ድር ነበረበት።

“የኔ እናት፣ ልጆቹ ዛሬ ምን ቀመሱ?” አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

“አልሐምዱሊላህ፣ ትናንት ማታ ጎደሬ ቀቅዬላቸው ነበር።”

“አንቺስ?”

“እኔ ጾመኛ ነኝ፣ እትዬ።”

ረመዳን ካለፈ ቆይቷል፤ ቀኑም ሱና የሚጾምበት ሰኞ ወይም ሐሙስ አልነበረም። እትዬ ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም። የተዋሱትን ዕቃ ባዶውን መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ፣ ወንፊቱ በዚያው ምሽት ሲመለስላት ከዱቄት፣ ከሽሮና ከዘይት ጋር ሆነ፤ ስሟም ሰልፍ ሳትወጣ መዝገብ ላይ ሰፈረ።

ቤት ለቤት ስንሄድ የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉን። የአንድን ቤተሰብ የምግብ ዋስትና ለመለካት በጥናት ሥራ ላይ በስፋት የሚያገለግል፣ ያለፉትን 4 ሳምንታት የሚመለከት የ9 ጥያቄዎች መለኪያ አለ፤ ምግብ ያልቅብኝ ይሆን ብሎ ከመስጋት ይጀምርና ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳይበሉ እስከ መዋልና ማደር ይደርሳል። እኛ ሁሉንም አንጠይቅም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ወስደነዋል፤ ምክንያቱም ስለ ስጋቱ የተናገረ ሰው ስለ ባዶው ድስት ለመናገር ድፍረት ያገኛል። ጥያቄው በአከራይ ወይም በእንግዳ ፊት አይቀርብም። ስለ ሴት ልጆችም ለብቻ እንጠይቃለን። በጅማና በአካባቢዋ በሚኖሩ ወደ 2,000 የሚጠጉ በአፍላ ዕድሜ ያሉ ልጆች ላይ ተደርጎ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ምግብ ባጠረበት ቤት ውስጥ እጥረቱ ከወንዶቹ ልጆች ይልቅ በሴቶቹ ላይ ይበረታል። እኛም በየቤቱ የምናየው ይህንኑ ነው፤ ትሪውን አቅርባ የምትመለሰው ልጅ የምትበላው ድስት ፍቃ ነው። “ልጆቹ በልተዋል” የሚለው መልስ እሷንም ይጨምራል ብሎ ማለፍ አይገባም።

ሁለተኛው ትልቅ መሰናክል መታወቂያ ነው። ለቡና ወቅት ከገጠር መጥተው የቀሩ፣ ከተከራይ ተከራይተው የሚኖሩ፣ የቤት ሠራተኛ ሆነው ሲያረግዙ የተባረሩ ወጣት ሴቶች የቀበሌ መታወቂያ የላቸውም፤ መታወቂያ የሌለው ሰው ደግሞ በብዙ ቦታ ከዝርዝሩ ውጭ ነው። እኛ በእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያስወሰንነው፣ መታወቂያ የሌለው ሰው በሰፈሩ መኖሩን ሁለት ጎረቤቶችና አንድ የእድር ዳኛ ከመሰከሩለት እንዲመዘገብ ነው። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። እድሩ የተቋቋመው ለቀብርና ለለቅሶ ነው፣ አባል ላልሆነ ሰው ገንዘባችን አይወጣም ያሉ ነበሩ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው፣ ሰው ሲሞት ለለቀስተኛ ንፍሮ የሚቀቅል እድር ሰውየው በሕይወት እያለ አንድ ሳህን ንፍሮ ከነፈገው ድንኳኑን ለምን እንደሚተክል ጠየቁ፤ ከዚያ በኋላ መተዳደሪያ ደንቡ ተሻሻለ። ደንቡን ማሻሻሉን እንደ ወረቀት ሥራ አትናቁት፤ ኮሚቴው በየጊዜው ቢቀያየርም ሥራው እንዳይቆም ያደረገው እሱ ነው።

የተመዘገቡትን ሰዎች ስም በሕዝብ ፊት ማንበብ ለግልጽነት ይጠቅማል የሚሉ አሉ። አድልዎን እንደሚቀንስ እኔም አልክድም፤ ነገር ግን ስማቸው እንዳይነበብ ብለው ከመዝገብ የሚሸሹ ሰዎች መኖራቸውን ስላየሁ አልደግፈውም። እኛ በጉባኤ የምናነበው መስፈርቱን፣ የቤተሰቦቹን ብዛትና የወጣውን እህል ልክ ነው፤ ስሙን የሚያመሳክሩት ከመስጊድ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከሴቶች የተወከሉ ሰዎች ናቸው። ቅሬታ ያለው ሰው ለእነሱ ያቀርባል።

ስለሚሰጠው ምግብ መጠን ጥቂት ልበል። በአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ኪሎ ካሎሪ እንዲደርሰው ይታቀዳል። በአገራችን ሲሠራበት የቆየው ወርሃዊ ቀለብ ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው፤ ይህም አምስት ነፍስ ላለው ቤት 75 ኪሎ እህል፣ 7.5 ኪሎ ጥራጥሬና ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ዘይት ማለት ነው። ብዙ ኮሚቴዎች ማንንም ላለማስቀየም የአንዱን ቀለብ ለሦስት ቤት ይከፍሉታል። ከይሉኝታ የሚመጣ ነገር ስለሆነ ሰዎቹን አልወቅስም፤ ሆኖም ለሦስት የተከፈለ ቀለብ የአንዱንም ቤት ረሃብ አያስታግስም። እህሉ ጥቂት ከሆነ፣ ለባሰባቸው ቤቶች ሙሉውን ሰጥቶ ሌሎቹን በቀጣዩ ዙር ማስቀደም ይሻላል።

ከእህሉ ጋር የሚመጣው ወጪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይታሰብም። ስንዴ ወይም በቆሎ የተሰጣት እናት ከእደላው ቦታ እስከ ቤቷ ለባጃጅ ወይም ለተሸካሚ ትከፍላለች፤ ለወፍጮ ትከፍላለች፤ ለማገዶ ትከፍላለች። ገንዘብ ስለሌላት እዚያው እደላው በር ላይ ለሚጠብቅ ነጋዴ ከእህሏ ቀንሳ በርካሽ ትሸጣለች። ይህን ያየ ሰው “ተርበዋል ይባላል እንጂ እርዳታውን ይሸጡታል” ብሎ ሲፈርድ ስሰማ ያመኛል። እኛ ከአንድ የሰፈራችን ባለ ወፍጮ ጋር ተስማምተን፣ የኮሚቴው ማኅተም ያለበት ቁራጭ ወረቀት የያዘ ሰው ሳይከፍል እንዲያስፈጭ፣ ሒሳቡንም እድሩ በወሩ መጨረሻ እንዲዘጋ አድርገናል። በሩ ላይ ይጠብቁ የነበሩት ነጋዴዎች ከዚያ በኋላ ቀነሱ። ወፍጮ ቤት የሚያግባባ ሰው ካጣችሁ ዱቄት ገዝቶ ማደል ይሻላል፤ ግን ዱቄት በክረምት ቶሎ ስለሚበላሽ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚሆነውን በአንድ ጊዜ አትስጡ።

እህል ወይስ ጥሬ ገንዘብ የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሳል። ገንዘብ ክብርን ይጠብቃል፤ ተቀባዩም የጎደለውን ለይቶ ይገዛል። በመኸር ወራት፣ ገበያው እህል ሲሞላ፣ እኔም ገንዘብ መስጠትን እመርጣለሁ። ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በተለይ ከውጭ የሚመጣው ዘይት ሲወደድ፣ በሰኔ ያቀድነው ብር በነሐሴ ያንኑ ዘንቢል አልሞላም። ስለዚህ ለክረምቱ የሚሆነውን በቆሎ ታኅሣሥና ጥር ላይ ዋጋው ሲቀንስ ገዝተን እናስቀምጣለን። እዚህ ላይ የጅማ እርጥበት ጠላት ነው። ሳይደርቅ የተከማቸ በቆሎ ይሻግታል፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ ሻጋታውን ጠርጎ ማብሰልም አያጠፋውም። ስለዚህ በጥርስ ሲነክሱት ደርቆ ቀጭ ብሎ የማይሰበረውን አንቀበልም፤ የገዛነውንም ፀሐይ ላይ እንደገና አስጥተን፣ አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ጨምረን፣ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ከግድግዳ አርቀን እንደረድረዋለን። ይህ ከረጢት ነቀዝንም ያለ መድኃኒት ይከላከላል፤ ዋጋው ከተራው ጆንያ ቢበልጥም ገንዘቡን ይመልሳል።

ሕፃናትን በተመለከተ ኮሚቴ ከአቅሙ በላይ መሄድ የለበትም። ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆኑ ልጆችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በቀለም በተከፋፈለ ሜትር የክንዳቸውን ዙሪያ ትለካለች፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ሲሆን ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ ከዚያ እስከ 12.5 ድረስ ያለው ቢጫ መካከለኛ ነው። ሜትሩ ምንም ይበል፣ የሁለቱ እግሮች ማበጥ በራሱ አደገኛ ምልክት ነው፤ ጣታችሁን እግሩ ላይ ጫን አድርጋችሁ ስታነሱት ጎድጉዶ ከቀረ ለነገ አትበሉ። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው፣ ፕላምፒ ነት የሚባለው በኦቾሎኒ የተሠራ ምግብ አንዱ እሽግ 92 ግራም ሆኖ 500 ኪሎ ካሎሪ ያለው መድኃኒት ነው፤ ለታመመው ልጅ ብቻ ይሰጣል፤ ለወንድምና ለእህት አይካፈልም። እናትየዋ እንዳታካፍል የሚያስችላት ግን ለሌሎቹ ልጆች የምታበላው ሲኖራት ነው። ስለዚህ ፕላምፒ ነት የሚወስድ ልጅ ያለበት ቤት በእኛ መዝገብ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ይገባል። መብላት እምቢ ያለ፣ የሚያስመልሰው ወይም የፈዘዘ ልጅ ካለ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል እንዲላክ ጤና ጣቢያውን ጠይቁ፤ ለመጓጓዣ የሚሆን ትንሽ ገንዘብም ኮሚቴው ሁልጊዜ በእጁ ይያዝ።

ገንዘቡና እህሉ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ እኛ ጋ ከእድሩ ወርሃዊ መዋጮ፣ ከባለ ሱቆችና ከሃይማኖት ተቋማት ነው። ዘካተል ፊጥር ከዒድ ሰላት በፊት ለችግረኛ መድረስ ያለበት ስለሆነ ለክረምት እናቆየው ማለት አይቻልም፤ የመስጊዳችን አባቶች ግን በዚያን ጊዜ የሚደርሳቸውን ቤቶች ከእኛ መዝገብ ጋር እያስተያዩ ይሰጣሉ፤ ዓመታዊውን ዘካ የሚያወጡ ነጋዴዎችንም ወደ ክረምቱ ችግረኞች ይመሯቸዋል። በፍልሰታ ጾም ወቅት ደግሞ የሰበካ ጉባኤው ጥራጥሬና ዘይት ያሰባስባል። በኦሮሚያ ደረጃ የቆየውን የመረዳዳት ባህል መሠረት አድርጎ የተቋቋመው ቡሳ ጎኖፋ የተባለ የመረዳጃ ተቋም አለ፤ አደጋ ሲደርስ በቀበሌ በኩል ማመልከት ይቻላል። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር በ11 ከተሞች ብቻ ነበር፤ ከኦሮሚያ የገባችው አዳማ ስትሆን ጅማ አልነበረችበትም። ፕሮግራሙ በኋላ ወደ ብዙ ከተሞች ሰፍቷል፤ የመሥራት አቅም ያለው በአካባቢ ልማት ሥራ እየተሳተፈ፣ አቅም የሌለው ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ ክፍያ ያገኝበታል። ምዝገባ በተከፈተ ጊዜ የሰፈር ኮሚቴ ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ የሚበልጠው ያልሰሙትን ማሰማትና ማንበብ የማይችሉትን ይዞ መሄድ ነው፤ አንድ ቤት እዚያ ከገባ የእኛ እህል ለሌላ ቤት ይተርፋል።

መዝገብ አያያዝን ቸል አትበሉ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታው ለታለመላቸው ሰዎች ሳይደርስ ወደ ሌላ እየዞረ ነው በሚል በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ ሲያቆሙ፣ በሌብነቱ እጃቸው የሌለበት ሚሊዮኖች ለወራት ያለ ቀለብ ቆይተዋል። የእኛ ሥራ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ሆኖም አንድ ጆንያ የት እንደገባ ማሳየት ያቃተው ኮሚቴ በሚቀጥለው ዓመት የሚሰጠው ሰው አያገኝም። የገባው፣ የወጣው፣ የተረከበው ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በየዕለቱ ይሰፍራል፤ መጋዘኑ ሁለት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹም በሁለት የተለያዩ ሰዎች እጅ ናቸው።

አሁን ችግር ላይ ላላችሁ ልንገራችሁ። ቤት ያለው ዱቄት ከሳምንት እንደማያልፍ ስታውቁ ተናገሩ፤ ዕቃ ተሸጦ፣ ብድር ተቆልሎና ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ከሆነ በኋላ መደገፍ ይከብዳል። የእድር አባል ባትሆኑም የሰፈራችሁን የእድር ዳኛ ወይም ጸሐፊ ጠይቁ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ልጅ ልትለካ ስትመጣ በሩን ክፈቱላት፤ የቤቱን ሁኔታ ለእሷ መናገር ለብዙዎች ይቀላል። መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ያለ ክፍያ የሚካተቱበት አሠራር ስላለ፣ ቀበሌ ስትሄዱ ስለ ምግቡ ብቻ ሳይሆን ስለ እሱም ጠይቁ። በአካል መቅረብ ከከበዳችሁ ሰው ላኩ። እኛ ሰፈር የታመነች ጎረቤት ወይም ከፍ ያለ ልጅ ይላካል፤ የላከውን ሰው ስም፣ የቤተሰቡን ብዛትና ቤቱ የሚገኝበትን ግቢ ከተላከው አፍ ሰምተን እንጽፋለን፤ እህሉንም ሲመሽ፣ ከወፍጮ ቤቱ ወረቀት ጋር፣ ቤት ድረስ እናደርሳለን።